ገመድ አፈር አይቆርጥም

የረጠበ ቃጫ ሽታ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ትንሽ ጭድ ጭድ፣ ትንሽ የጥጃ አፍ አፍ ይላል። ባለፈው ነሐሴ ልጄ ማኅደር አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ ከገበያ ገዝታ፣ ጥምዝምዙ እንዲፈታ ብላ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ዘፍዝፋው ኖሯል። እኔ ሽንኩርቴን ሸጬ ከጉልት ስመለስ ገና በሩን ሳልሻገር ሽታው ተቀበለኝ። ዘንቢሌን ሳላወርድ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ይኼ ገመድ ምንድን ነው?»

«ለጎርፉ ነው። ነገ መስመር አወጣለሁ። ጫፉን ትይዥልኛለሽ።»

ቤታችን እዚህ ሰቆጣ ዳገት ሥር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ በጓሮ ገብቶ በደጅ ይወጣል፤ እኛም አልጋውን በድንጋይ ከፍ አድርገን እንጠብቀዋለን። ማኅደር በዚያ ክረምት እምቢ አለች። ከቤቱ በላይ ቦይ ይቀደድና ውሃው ወደ መንገዱ ይውጣ ነው የምትለው። ሌላው ሰው በጎርፍ ይማረራል፤ የእሷ ፊት ግን ጎርፍ ስታይ ይፈካል። መምህራቸው «ልትሆኑ የምታስቡትን ሙያ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ» ካላቸው ወዲህማ ብሶባታል። ድልድይ ከሚሠሩት ዘንድ ሄዳ አንዲት ሴት ኢንጂነር ስታዋራ ውላ፣ ጫማዋ ሲሚንቶ ለብሶ መጣች። ራታችንን እስክንጨርስ ብረቱ በኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነገረችኝ።

«የጎረቤታችን ልጅም ኢንጂነር ነው» አልኳት። «ተመርቆ ባጃጅ ነው የሚነዳው።»

«ባጃጁ ሲበላሽ ግን ራሱ ነው የሚጠግነው» አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ታላቅ ወንድሟ ባሕር አቋርጦ ሳውዲ ከገባ ወዲህ «እሄዳለሁ» የሚል ቃል ከልጆቼ አፍ ሲወጣ ወሬ አስቀይራለሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ደግሞም ሴት ልጅ ናት። በመጪው ዓመት የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ትወስዳለች። «እማ፣ አንቺ ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም። እዚሁ ሰቆጣ ያለውን አጭር ሥልጠና እወስዳለሁ» ካለችኝ ወራት አልፈዋል። ሂጂም አትሂጂም ሳልላት ነው ነሐሴ የደረሰው። ስትጠይቀኝ ሽንኩርት መልቀም እጀምራለሁ።

ያን ዕለት ራት እስኪደርስ ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ ገመዱን በእጄ ሳገላብጥ ቆየሁ። ለልጄ ያልነገርኳት አንድ ዓመት አለኝ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አገራችን ደሃና ነው፤ ከወረዳው ከተማ ከአምደወርቅ ማለዳ የተነሣ ሰው ለምሳ የሚደርስበት ደጋ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛ የትምህርት ቤትና የእንግዳ ነበር። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ ይሙት ይኑር አይታወቅም። እናቴ ታዲያ እሱ የሄደበትን መንገድ እንዳታይ ብላ የቤታችንን በር አስደፍና በጎን በኩል ሌላ በር ያስወጣች ሴት ናት። እኔ ያኔ ለነፋሱ ብላ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችንን የያዙት የእናቴ አባት ናቸው። አብዬ ነበር የምንላቸው። ቅስና ሳይደርሱ የቀሩ የድሮ ዲያቆን ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም የበዓል ቆጠራ ከእሳቸው አያመልጥም። ሰው ሊያርስም ሆነ ሊያጭድ ሲያስብ ደጃችን ብቅ ይላል።

«አብዬ፣ ነገ ምንድን ነው?»

እሳቸውም አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያስኬዱ ትንሽ ይቆዩና «ነገ መሬት አይነካም» ወይም «ነገ ነፃ ነው» ይላሉ። ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ቀኖቹን የሚፈጥሯቸው እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ የሒሳብ ፈተና ሲደርስብኝ ነገን በዓል እንዲያደርጉልኝ ለምኛቸው፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ልማት መጣ። ልማት ሰው ነው። ስሙ ደምሴ ነው ቢባልም ደምሴ ብሎ የጠራው ሰው አላውቅም። በግብርና ባለሙያነት ከደሴ በኩል የተላከ፣ ሲራመድ ጫማው የሚያፏጭ ቀጭን ወጣት ነበር። ሕፃናቱ ከሩቅ ሲያዩት «ልማት መጣ! ልማት መጣ!» ብለው ይሮጣሉ። እኔ የክርስትና ስሙ መስሎኝ፣ እናቱ ምን ነክቷት እንዲህ ያለ ስም አወጣችለት እያልኩ አዝንለት ነበር።

ተራራው እርከን ሊሠራለት ነው፣ የሠራም ሰው ስንዴና ዘይት ያገኛል ተባለ። ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልማት ግን ከመቆፈሩ በፊት ይለካ አለ። ሁለት ዘንግ አመጣ። በሁለቱ መካከል ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው ወገብ ላይ ደግሞ ጣት የምታህል የብርጭቆ ዕቃ አንጠለጠለ። በብርጭቆዋ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ አንዲት አረፋ።

«ይኼ የውሃ ልክ ይባላል» አለ። «አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ሁለቱ ዘንጎች የቆሙበት መሬት እኩል ነው ማለት ነው። እርከኑ በዚያ መስመር ይሄዳል።»

አያ ኪሮስ፣ ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር የሚዋሰን ጎረቤታችን፣ አንዱን ዘንግ ይዘው ቆመዋል። «አባቶቻችን በዓይናቸው ነበር የሚለኩት» አሉ።

«አባቶቻችሁ ከለኩትማ አፈሩ የት ሄደ?» አለ ልማት።

ሰዉ ሳቀ። አያ ኪሮስም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሲባጎው የሚወጠረው በትልቅ ሰው ደረት ልክ ነው። ልማት አረፋዋን ለማየት በየርምጃው መጎንበስ ነበረበት። ረፋዱ ላይ ወገቡን ይዞ ቀና ሲል፣ ለእናቴ ውሃ ላደርስ ወጥቼ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ብርጭቆዋና ዓይኔ ትይዩ ነበሩ። አየኝ።

«ማነሽ አንቺ?»

«ወለላ።»

«ወለላ፣ አረፋዋ የት ናት?»

«ወደ አያ ኪሮስ ሄዳለች።»

«አያ ኪሮስ፣ እርስዎ ጋ መሬቱ ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ወደ ታች!» ወረዱ። «አሁንስ ወለላ?»

«መሐል ቆመች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አረፋዋ የእኔ ሆነች። ትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተሬን ቤት ሳላደርስ ወደ ተራራው እሮጣለሁ። ሌላ ጊዜ ሰላም ብዬ ጉልበታቸውን የምስማቸውን ሰዎች ገመዱ ሲወጠር አዝዛቸዋለሁ።

«አያ ኪሮስ፣ ትንሽ ወደ ታች! ኧረ በጣም ወረዱ፣ ወደ ላይ!»

«ኧረ አለቃዬ፣ በዚህ ጉልበቴ የት ልግባልሽ?»

ሴቶቹ ከታች ድንጋይ እያቀበሉ ይሰሙናል። «የሚያገባሽ ሰው ወዮለት!» ይሉኛል። «ወደ ላይ፣ ወደ ታች ስትዪው ውለሽ ታድሪያለሽ!» ተራራው በሳቅ ይሞላል። እናቴም አብራ ትስቃለች። እናቴ ስትስቅ ያየሁት በዚያ ዓመት ነው።

እኔ አረፋዋን «ዓይን» ነበር የምላት። ሕያው መሰለችኝ። ውሃ ከተራራ ሲወርድ መንገዱን የሚያየው በእሷ ነው፤ ልማት ከአንድ ወንዝ ላይ አንዷን ዓይን አውጥቶ ብርጭቆ ውስጥ አስሯታል ብዬ ነበር የማምነው። ስለዚህ ትንሽ እፈራታለሁ። ፊቴን ሳቀርብላት ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ ቀን ልማት ከአብዬ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ «ይቺ ልጅ መሐንዲስ መሆን አለባት» አላቸው።

«መሐንዲስ ምን የሚያደርግ ነው?»

«ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ መንገድ በየት እንደሚወጣ፣ ድልድይ በምን እንደሚቆም በልክ የሚናገር ሰው ነው፣ አብዬ።»

አብዬ ጣቶቻቸውን አዩ። «እንግዲህ እኔ ቀኑን እለካለሁ፣ እሷ መሬቱን ትለካለች» አሉ።

ያን ዕለት ከደስታዬ ብዛት ራቴን መብላት አቃተኝ። ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ልማት የመረጠኝ በቁመቴ ነው። ካደግኩ ዓይኔ ከብርጭቆዋ በላይ ያልፋል፤ መሐንዲስነቱም በዚያው ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ቁመት እንዳልጨምር ብዬ ጉልበቴን አቅፌ፣ ተኮራምቼ መተኛት ጀመርኩ። እናቴ ሆዷን አመማት ብላ ጤና አዳም አጠጣችኝ።

የእኛ ትምህርት ቤት ከአራተኛ አያልፍም። አምደወርቅ ግን የአብዬ እኅት ነበሩ፤ በመስከረም እሳቸው ዘንድ ሆኜ አምስተኛ እንድገባ ልማትና አብዬ ተስማሙ። እናቴ አንድ ቀን ዱቄት እየነፋች፣ ማንም ሳይጠይቃት «አምደወርቅ እኮ ቅርብ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ «ቅርብ ነው» አለች። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ራሷን ስታባብል ነበር። ከዚያ ከስንዴው ጆንያ የደብተር መያዣ ሰፋችልኝ።

ሰኔ ላይ የልማትን ሲባጎ አይጥ ቆራረጠችበት። አብዬ «ለዚህ ነው የምትጨነቀው?» ብለው ቃጫ ፍቀው፣ በውሃ አርሰው፣ ደጅ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ እየፈተሉ ገመድ ገመዱለት። ቤታችን በዚያ ሽታ ሞላ። ብርጭቆዋ የምትንጠለጠልበት መካከሉ እንዲታወቅ ደግሞ ከእናቴ መቀነት ጥለት ቀይ ክር መዝዘው አሰሩበት። አዲሱ ገመድ ይከብዳል፤ እጅ ይፈገፍጋል። ልማት «ከፋብሪካው ይሻላል» አለ። እውነቱን ይሁን ለደስታቸው ብሎ አላውቅም።

ክረምቱ የከረረ ሆነ። እርከኑ አብዛኛው አልቋል፤ የቀረው ከአያ ኪሮስ ማሳ በላይ የሚወጣው መቀልበሻ ቦይ ብቻ ነበር። ጎርፉ ደግሞ በዚያ በኩል እየገባ የሳቸውን ባቄላ፣ አልፎም የእኛን ገብስ ይጠርግ ጀመር። ልማት ቶሎ መቆፈር አለበት አለ። «ይኼኛው እኩል አይሆንም፤ ጥቂት እናዘነብለዋለን። ውሃ ይራመድ እንጂ አይሩጥ» ይላል። ሰዉ ግን በአረም ተይዟል። ሁሉም እጁን የሚፈታው በበዓል ቀን ነው። የምትመጣው ደግሞ ማርያም ነበረች።

በዋዜማው ልማት ቤታችን መጣ።

«በማርያም ይቆፈር አልልም፣ አብዬ» አለ። «መስመሩን ብቻ እንይ። በማግስቱ ሰዉ አረሙን ለአንድ ቀን ትቶ ዶማውን ይዞ ይወጣል።»

እናቴ ከጓዳ ሰማችው። «በማርያም? በማርያም ቀን መሬት ልትነኩ?»

አብዬ አውራ ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አስኬዱት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲቆዩ አይቼ አላውቅም። «ማረሻ አፈር ይቆርጣል» አሉ በመጨረሻ። «ዶማም ይቆርጣል። ገመድ ግን አፈር አይቆርጥም።»

«ችካሉስ?» አለች እናቴ።

«ችካል አትምቱ። ድንጋይ አስቀምጡ። ድንጋይ መደርደር የልጅ ጨዋታ ነው፤ ልጅ በበዓል አይጫወትም?»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለች እናቴ። ዓይኗ ግን ልማት ላይ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ወጣን። አያ ኪሮስ የክት ጋቢያቸውን እንደለበሱ ዘንጉን ያዙ። ባቄላው አብቦ አየሩ ሁሉ ይጣፍጣል፤ እግሬ እስከ ጉልበቴ በጤዛ ርሷል። ነጫጭ ድንጋይ እየመረጥኩ፣ ልማት «እዚህ» ባለኝ ቦታ ሁሉ አስቀመጥኩ። አያ ኪሮስ ሲደክማቸው «አለቃዬ፣ ዛሬ በዓል አይደለም እንዴ? ማረፍ የለም?» እያሉ ቀለዱብኝ። የመጨረሻዋን ድንጋይ ሳስቀምጥ ዘወር ብዬ አየሁ። ድንጋዮቹ ዳገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ጥለት ከበውታል።

«ጨረስን፣ መሐንዲስ» አለኝ ልማት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ ፀጥታ፣ ከዚያ አንድ ሰው ጠጠር የወረወረ የሚመስል ድምፅ መጣ። በረዶ ነበር። ከብቶቹ ሲያገሱ፣ እናቴ «ማርያም! ማርያም!» እያለች፣ በረዶው እንዲያባራ አመድ ወደ ደጅ ስትበትን ትዝ ይለኛል። እኔን ክንዴን ይዛ ጎታው ኋላ ወሸቀችኝ።

ሲያባራ ወጣሁ። አገሩ ነጭ ሆኗል። ከድንጋዮቼ ውስጥ የትኛው ድንጋይ፣ የትኛው በረዶ እንደሆነ አይለይም። ሽታው ደግሞ የእሸት ነበር። በጥርስ የታኘከ የባቄላ ቅጠል፣ የተፈጨ አበባ ይሸታል። ያ ሁሉ ጥሩ ሽታ የሞተ እህል ሽታ መሆኑ ወዲያው አልገባኝም። አንዷን በረዶ አነሣሁና በብርሃን አየኋት። በውስጧ፣ ልክ መካከሏ ላይ፣ አንዲት አረፋ ነበረች።

ልጅ ነኝ እንግዲህ። ዓይኗ ናት አልኩ። ያቺ ስንት ወር ሙሉ የተመለከትኳት ዓይን ናት በዝታ የወረደችው። በረዶዋን ጥዬ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

አያ ኪሮስ ማሳቸው ዳር ቆመዋል። ጋቢያቸው ጭቃ ነክቶታል። አንድም የቆመ ባቄላ የለም። «ገመዱ ነው» አሉ። «ገመዱ ነው ጎትቶ ያመጣው።» ጠዋት ዘንጉን የያዙት እሳቸው መሆናቸውን የረሱት መሰሉ። ወደ እኔ አላዩም።

በዚያው ቀን ወሬው መንደሩን ሞላው። በማርያም ቀን መሬት ተለካ፤ ሴት ልጅ ወንዶች ላይ አዛዥ ሆነች፤ ዲያቆኑ አርጅተዋል፣ ቀን ተሳስቶባቸዋል። አንዱ በሬው በበረዶ ታውሯል አለ፤ በሬው ግን የታወረው ካቻምና ነበር። ማንም አላረመውም።

እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አብዬ በራፉ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። «የፈቀድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልማትም እንግዳ ነው፣ ልጅቱም ልጅ ናት። ቀኑን የምቆጥረው እኔ፣ ያጠፋሁም እኔ።» ቄሱ ስግደት አዘዙባቸው። እስከ መስቀል ድረስ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን እየዞሩ ሰገዱ። ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ቀና ይላሉ፤ ትንሽ ይራመዳሉ፤ ደግሞ ይወርዳሉ። እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ አያቸው ነበር። በግንባራቸው መሬት የሚለኩ መሰለኝ። መሬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ነው የሚቀጥሉት ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲያ «ነገ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ደጃችን አልመጣም። እሳቸው ግን ሲመሽ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ ለማንም አይናገሩም።

ቦዩም አልተቆፈረም። ልማት ከቤት ቤት ዞረ። «ድንጋዮቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ መቆፈር ብቻ ነው የቀረው» ይላል። «በበረዶ የተረገመ መስመር ነው» ይሉታል። በመስከረም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ሊሰናበት ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችው። ግባ አላለችውም።

«እትዬ፣ ወለላ አምደወርቅ የምትሄደው መቼ ነው?»

«አትሄድም።»

«ኧረ ባክዎን! በረዶው ከትምህርቷ ጋር ምን አገናኘው?»

«ስማኝ ልጄ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። «አንድ ሰው መንገድ በልቶብኛል። አንተ ዛሬ አለህ፣ ነገ የለህም። በረዶ ሲመጣ እዚህ የምንቀረው እኛ ነን።»

ልማት ወደ አብዬ ዞረ። እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ ወደ አብዬ አየሁ። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። «ትሂድ» ቢሉ እናቴ ቃላቸውን አታልፍም። መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀመጡ። «ትሂድ» አላሉም፤ «አትሂድ»ም አላሉም።

የልማት ጫማ እያፏጨ ቁልቁል ሲወርድ ሰማሁት።

ያኔ አብዬ የተቆጡኝ መሰለኝ። በረዶውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው አልኩ። የፈሩ መሆናቸው የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ «ይሁን» ብለው የመጣውን አይተዋል። ሁለተኛ «ይሁን» ለማለት አፋቸው አልታዘዘላቸውም። እናቴን አላማርራትም፤ ፈርታ «አትሄድም» አለች፤ ቢያንስ ተናገረች። የሚቆጨኝ የአብዬ ዝምታ ነው። እኔ ተስፋ እስክቆርጥ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ፣ የዚያን ዝምታ ፍቺ ስጠብቅ ኖርኩ።

የደብተር መያዣዬ የጨው ከረጢት ሆነ። በዚያ ገመድ ደግሞ ጥጃ ታሰረበት። ቀዩ ክር እንዳለ ነው። ጥጃው እያኘከ ያረጥበዋል፤ ጠዋት ልፈታው ስሄድ ያ ሽታ እጄ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነው የጥጃ አፍ አፍ ይላል ያልኩት።

ከዓመታት በኋላ እናቴን ልቀብር ወደዚያ ተመልሼ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ዳገቱን ወጣሁ። እርከኖቹ ሣር ለብሰው በቦታቸው አሉ። ከአያ ኪሮስ ማሳ በላይ ግን ምድሩ ተሰንጥቋል። ያልተቀለበሰው ጎርፍ በየክረምቱ እየቦረቦረ፣ በሬ ከነጠማጁ ቢገባበት የማይታይ ገደል አድርጎታል። የሳቸው ማሳ የለም፤ የእኛም ግማሹ የለም። በገደሉ ከንፈር ላይ ነጫጭ ድንጋዮች አየሁ። ያስቀመጥኳቸው ናቸው። መስመራቸውን እንደጠበቁ እስከ ገደሉ አፍ ይመጡና ያልቃሉ። የቀሩት ወርደዋል።

አያ ኪሮስ በሰው ትከሻ ተደግፈው ለቅሶ ቤት መጥተው ነበር። እጄን ይዘው ፊቴን አዩ። «ያቺ አለቃዬ አይደለሽም?» አሉኝ። «አዎ፣ አያ ኪሮስ።» «ወደ ታች ስትይኝ እኮ ወርጃለሁ» አሉ፤ ሳቅ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ጠፋ። «ከዚያ ወዲያ መሬቱ ራሱ ወረደ።»

ማኅደር ጠዋት ገመዱን ከሳፋው አውጥታ፣ አራግፋ፣ ጓሮ ወጣች። ከግንበኞች የውሃ ልክ ተውሳ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ከአጥሩ ጋር፣ ሌላውን ከአንድ ዘንግ ጋር አስራለች። ከፍ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ደረስኩና፣ ሳላስበው፣ በእናቴ ድምፅ አፌ ተናገረ።

«ማኅደር፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት!»

«አልቆፍርም እማ። ገመዱን መወጠር ብቻ ነው። ነይ፣ ያዥልኝ።»

ስለ አብዬ ነግሬያት አላውቅም። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ሰማዩን አየሁ፤ በምሥራቅ በኩል አንድ ደመና እየወፈረ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁና ዘንጉን ያዝኩ። ርጥቡ ገመድ ተወጠረ፣ ጠብታው ረገፈ።

«ወደ ታች እማ! ትንሽ ብቻ!»

ወረድኩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ከቅዳሴ ስትመለስ አየችን። «ምነው በማርያም ቀን? ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች።

«ገመድ አፈር አይቆርጥም!» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት፤ ፍርሃት ሲይዘኝ እጮኻለሁ።

ማኅደር ቀና አለች። «ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ቅድመ አያትሽ።»

«ኢንጂነር ነበሩ እንዴ?»

«ቀን ቆጣሪ ነበሩ» አልኳት። ልጄ ገመዱ መሐል ላይ ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ መልሴን ሳይሆን አረፋዋን እየጠበቀች ነበር። አሁን ካላልኩት ደግሞ ሽንኩርት እለቅማለሁ።

«ማኅደር።»

«እ?»

«ፈተናሽን ተፈተኚ። የደረሰሽ ቦታ ሂጂ። እኔ እፈራለሁ፤ እሱን ተይው፣ አይለቀኝም። አንቺ ግን ሂጂ። ያልሽውን ሁኚ።»

ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ እንባ ይሁን ላብ ከቆምኩበት አልታየኝም። ከዚያ ወደ አረፋዋ ተመለሰች። ደመናው ዳገቱን አልፎ ወደ እኛ መጥቷል፤ ነፋሱ ቀዝቅዟል። ከሱ ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

«ቆመች! ልክ ነው እማ!» አለችኝ። «ድንጋዩን እስካስቀምጥ እንዳትነቃነቂ!»

አልተነቃነቅኩም።